ዓይኑን እስኪከፍት

አስካለማርያምን በደንብ አላውቃትም። ስለ ሰው የሚጽፍ ቢያንስ የትውልድ አገሩን፣ የልጆቹን ስምና የቤቱን በር ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላውቅም። አብሬያት የዋልኩት አንድ ሐሙስ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ግማሹን ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። ስለዚህ የማወራው ያየሁትንና የሰማሁትን ያህል ነው። ከእኔ የተሻለ የሚያውቃት ሰው ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

ሁላችንም የምናውቀውን ላስቀድም። አስካለማርያም ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሶሊያና ፎቶ ቤት ነው የምትውለው። ሶሊያና እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች፣ ጨቅላ ሕፃናትን ፎቶ በማንሳት የታወቀች ልጅ ናት። ሕፃናቱ በተወለዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣሉ፤ እናታቸው ሆድ ውስጥ እንደነበሩት ተጣጥፈው፣ እንደተኙ ይነሳሉ። የምታስተኛቸው፣ የምታጣጥፋቸው፣ ሲነቁም የምታባብላቸው አስካለማርያም ናት። «እኔ ክሊክ ብቻ ነው የማደርገው» ትላለች ሶሊያና፤ «ፎቶውን የምታነሳው እትዬ አስካል ናት።» ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ እጇ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል። አንድ አባት «ይቺ ሴትዮ አንድ ነገር ሳትቀባ አትቀርም» ብሎ እጇን አሽትቷል ይባላል። የሸተተው ሳሙና ብቻ ነበር።

አንድ ልማድ አላት። የሐበሻ ልጅ ሲመጣላት ፊቱን አታይም። ዓይኗን ከአገጩ በታች ታደርጋለች፤ ልጁ ከነቃ አንገቷን ወደ ጎን ትመልሳለች። ምክንያቱን የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት እናት ልጅ ከፎቶ ቤት መልስ ጡት አልይዝ ብሎ ሲያለቅስ ሰነበተ። «የሴትዮዋ ዓይን ነው» አለች እናቱ። ሌላዋ ደግሞ «ወገኖቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው አሉ፤ ከዚያ ቤት ቡዳ አይጠፋም» ብላ ጨመረችበት። ልጁን የያዘው ጉንፋን ነበር፤ ተሻለው። ወሬው ግን ከሰርግ ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ወደ ክርስትና እየዞረ ኖረ። አስካለማርያም አልተከራከረችም፤ «ማነው ያለው?» ብላም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ግን ቀና ብላ የሐበሻ ሕፃን አላየችም።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ተማሪዎቹን ጠዋት አድርሼ ከሰዓት እስክመልሳቸው ቤቴ ነኝ። ሻይ እያፈላሁ ስልኬ ጮኸ። ከእኔ በላይ ያለው አፓርትማ የምትኖረው ትሕትና ናት።

«ጋሽ አክሊሉ፣ ፎቶውን መለሱብን» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትሕትና አባት አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ልጆቻቸው ይጠሩ ብለዋል። ሰውዬው ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የልጅ ልጃቸውን በስልክ ሲያሳዩአቸው «ብርሃን ብቻ ነው የሚታየኝ፤ አምጡልኝና ልዳብሰው» አሉ። ትሕትና ለዓርብ ማታ ትኬት ቆርጣለች። የተወለደ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ልጇ ግን ፓስፖርት የለውም። በስንት ልመና ለዚያ ሐሙስ አስቸኳይ ቀጠሮ አገኙ፤ ከባሏ ከናሆምና ከእናቷ ከእማማ ባየሽ ጋር ልጁን ይዛ መሀል ሚኒያፖሊስ ያለው ፓስፖርት ቢሮ ሄደች። ፎቶም የሚያነሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ያስነሱት ፎቶ ላይ ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ደግሞ የአያቱ ጣቶች ይታያሉ። የቢሮዋ ሴትዮ በጨዋነት ነገረቻቸው፤ ዓይኑ ይከፈት፣ ፊቱ ቀጥ ይበል፣ የሰው እጅ አይታይ። «ከመዝጋታችን በፊት አምጡ፤ ዛሬ ካልሆነ ክፍት ቀጠሮ ያለው ሰኞ ነው» አለች። ሰኞ ለትሕትና አባት ሩቅ ነበር።

ናሆም ተራ እንዳያልፋቸው ወረቀቱን ይዞ እዚያው ቀረ። እኔ ሄጄ እናትና ልጅን፣ አያትንም አሳፍሬ በቀጥታ ወደ ሶሊያና ፎቶ ቤት ነዳሁ። ሌላ የማውቀው ፎቶ ቤት የለም። እማማ ባየሽ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ባላቸው የታመሙት እሳቸው እዚህ እያሉ ነው። ከኋላ ሕፃኑ ከታሰረበት ካር ሲት አጠገብ ተቀምጠው የሕፃኑን ቆብ በየደቂቃው ያስተካክላሉ። ውጪው በረዶ ነው፤ መንገዱ ዳር የተከመረው በረዶ ጠቁሯል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው የልጁን እርግብግቢት በለጋ ቅቤ ቀብተው፣ የሱፍ ቆብ ደርበውበት፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍነውታል።

«ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አይወጣም ብዬ ነበር» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀም። «አሁን በሰው ፊት አወጣሁት። በሰማይም ላበርረው ነው።»

«እማዬ፣ በቃ» አለች ትሕትና።

ፎቶ ቤቱ ገና ሲገቡ በሙቀት ይቀበላል። ሕፃናቱ ራቁታቸውን ስለሚነሱ ሶሊያና ሂተሩን ከፍ አድርጋ ነው የምትተወው። ጃኬቴን እስካወልቅ ድረስ አላበኝ። ትሕትና ነገሩን ስታስረዳት ሶሊያና አፏን በእጇ ያዘች።

«ኦ ማይ... ግን እኛ እኮ የምናውቀው ማስተኛት ነው! ነቅቶ፣ ዝም ብሎ፣ ካሜራ እያየ? እትዬ አስካል፣ እንችላለን?»

አስካለማርያም ከጓዳው ፎጣ ይዛ ወጣች። ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ሰላም አለችን። መልስ ከመስጠቷ በፊት እማማ ባየሽ ቀደሟት።

«አገርሽ ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

«አዲስ አበባማ ሁላችንም ነን። ከዚያ በፊት?»

«እጄን ልታጠብ» አለችና ተመልሳ ገባች።

እማማ ባየሽ ወደ እኔ ዞሩ። «አየኸው? ዓይኗን ሰበረች።» እኔም ዓይኔን ሰበርኩ።

አስካለማርያም ተመልሳ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ትንሽ አሞቀቻቸውና ሕፃኑን ለመቀበል ዘረጋች። እማማ ባየሽ አልሰጧትም።

«መጀመሪያ እትፍ በይበት።»

ትሕትና ፊቷ ቀላ። ይህ ለማንም የሚባል ነገር ነው፤ ልጅ ያየ ሁሉ ዓይኑ እንዳይከብደው እትፍ እትፍ ይላል። የእማማ ባየሽ አጠያየቅ ግን ለማንም የሚባለው ዓይነት አልነበረም። ከመካከላችን ያልገባት ሶሊያና ብቻ ነበረች። አስካለማርያም ዝቅ ብላ «እትፍ፣ እትፍ» አለችና ልጁን ተቀበለች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል። እሷ ስታስተኛ እንጂ ስትቀሰቅስ ማንም አላያትም። በችኮላ አላነቃችውም። ነጠላውን ገለጠች፣ ካልሲውን አወለቀች፣ ውስጥ እግሩን በአውራ ጣቷ ደባበሰች። ከዚያ ደረቷ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። «ተጋድመው ዓይናቸውን አይከፍቱም፤ ሲቆሙ ነው» አለች። ዓይኗ ግን አሁንም የልጁ ማጅራት ላይ ነው። ልጁ አፉን አጣመመ፣ አለቀሰ። «ትንሽ ይጥባ። ከጠገበ ይተኛብናል፤ ትንሽ ብቻ።»

ትሕትና ስታጠባ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግድግዳው ላይ በቅርጫት፣ በላባ፣ በእንጨት ሳህን ላይ የተኙ ሕፃናት ተሰቅለዋል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ጋሽ አክሊሉ፣ እዚያ ከቆሙ አይቀር መጋረጃውን ይያዙልን» አለች ሶሊያና። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። በዚያ ቀን የነበረኝ ሥራ ይኸው ነው።

ሶሊያና ትልቁ ለስላሳ ትራስ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥራ፣ መሰላሉ ላይ ወጥታ ካሜራዋን ወደ ታች ደገነች። አስካለማርያም የልጁን ቆብ አውልቃ ለአያቱ ሰጠችና አስተኛችው። እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች፣ ሳትጫን። ልጁ ዝም አለ። እጇን እንደ ላባ አነሳች። ዝም አለ። ግን ዓይኑን ጨመቀ።

«ብርሃኑ በዝቶበታል። መጋረጃውን።»

ሳብኩት። ክፍሉ ደብዘዝ ሲል ልጁ አንድ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ከፈተ። ልጁ ግን አንገቱን አዙሮ የሚያየው መስኮቱን፣ ማለትም እኔን ነው።

«ወደዚህ! ቤቢ፣ ሂር!» ሶሊያና ቁልፎቿን አንቀጫቀጨች። ልጁ ደነገጠ፣ እጆቹን በረገደ፣ አለቀሰ። እንደገና ደረት ላይ፣ እንደገና ውስጥ እግር፣ እንደገና መጋረጃ።

የትሕትና ስልክ ጮኸ። ናሆም ነው። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«የት ደረሳችሁ? ከፊቴ ያሉት ሰዎች እየቀነሱ ነው።»

«እያነሳን ነው።»

«አልጨረሳችሁም? ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«ዓይኑን!» ብላ ዘጋችው።

ሶሊያና ከመሰላሉ ላይ ሆና «የሰው ፊት ነው የሚፈልገው» አለች። «በዚህ ዕድሜ ቶይ፣ መጫወቻ ምናምን አያዩም። አንድ ሰው ከሌንሱ ሥር ፊቱን ያስጠጋለት።»

ትሕትና ሞከረች። ልጁ የእናቱን ጠረን ሲሰማ አፉን ከፍቶ ጡት ፍለጋ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ወረወረ። እማማ ባየሽ ሞከሩ። «የእኔ ጌታ፣ አያትህ እኮ...» ብለው ሳይጨርሱ እንባቸው ነጩ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። ልጁም አብሯቸው አለቀሰ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እግዜር ይስጣቸው።

«እትዬ አስካል» አለች ሶሊያና፤ «አንቺ ነሽ። ነይ።»

አስካለማርያም ፎጣውን ማጣጠፍ ጀመረች። «እኔ ልያዘው፣ አንቺ ወርደሽ ጥሪው።»

«ካሜራውንስ?»

«እሷ አታየውም» አሉ እማማ ባየሽ። አሁን በግልጽ ተናገሩት። «መያዝ ትያዘው፤ አልከለከልኩም። ዓይን ለዓይን አታየውም።»

«እማዬ!» ትሕትና ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አባዬ እየጠበቀ ነው! ምን እያልሽ ነው?»

«የእኔ ባል ነው፤ አውቃለሁ! ባሌን ልቀብር ነው የምሄደው። ይሄንንም ልጅ ልጨምር?»

አስካለማርያም ፎጣውን አስቀምጣ ኮቷ ወደ ተሰቀለበት ሄደች። «እኔ ብወጣ ይሻላል። አባቱ መጥቶ ይጥራው።» ትሕትና ግን ገና አራስ መሆኗን ረስታ ተነስታ መንገዷ ላይ ቆመች።

«እናቱ እኔ ነኝ። እዪልኝ፣ እባክሽ።»

አስካለማርያም ኮቷን እንደያዘች ቆየች። ብዙ ነገር የምታመዛዝን መሰለኝ፤ ምናልባት እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው። ኮቷን መልሳ ሰቀለች። ልጁን አነሳች፣ አቆመችው፣ አባበለችው፣ አጋደመችው። ሌንሱ ሥር ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

እኔ መጋረጃውን ይዤ ነበርና ከጎን ታየኝ። ልጁ መጀመሪያ ግንባሯን አየ። ሻሿ የሚያልቅበትን፣ ነጩ ሻሽና ጥቁር ግንባሯ የሚገናኙበትን። ቀስ እያለ ወረደና ዓይኗ ላይ አረፈ። እሷም ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በጉሮሮዋ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ታሰማለች። «በዓይንሽ ያዢው፣ ያዢው...» አለች ሶሊያና በሹክሹክታ።

ካሜራው ቀጭ ከማለቱ በፊት የልጁ ፊት ተኮማተረ። ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ ያሰማው ጩኸት እስካሁን ያሰማውን ዓይነት አልነበረም፤ የተወጋ ሰው ጩኸት ነው።

«አላልኳችሁም!» እማማ ባየሽ ልጁን ነጥቀው ታቀፉ። «አላልኳችሁም! በላችው! ልጄን በላችው!»

ትሕትና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሶሊያና «ዋት? ምንድነው ያሉት?» ትላለች። የልጁ ዓይን ቀልቷል፣ ያነባል፤ ጩኸቱ እየባሰ ሄደ። እኔ መጋረጃውን ለቀቅሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ለአንድ አፍታ ወሬው እውነት መሰለኝ።

አስካለማርያም ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። አመድ መስላለች። የትሕትና ስልክ እንደገና ጮኸ፤ ማንም አላነሳውም። ከዚያ ተነስታ ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ጨመቀች፤ ወደ እማማ ባየሽ ቀረበች።

«አይጠጉኝ!» አሉ፤ በንዴት አንቱ አሏት።

«እማማ፣ ዓይኑን ልጥረገው። አላየውም። ይኸው ፊቴን አዙሬያለሁ።»

እውነትም ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነበር። እጇን ብቻ ዘርግታ በጣቷ ጫፍ የልጁን አናት ፈለገች፣ ግንባሩን፣ ቅንድቡን። ቅንድቡ ላይ ጣቷ ቆመ። ከአናቱ እስከ ቅንድቡ ጠረገች፤ ጨርቁን ገልብጣ ከአፍንጫው ወደ ውጪ ዓይኑን ጠረገች። እንደ ዓይነ ስውር፣ በዳበሳ። ጩኸቱ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ወደ ሳግ ወረደ።

«ጨርቁን ይያዙልኝ» አለችና ለእማማ ባየሽ ሰጠቻቸው። ሌላ ልታመጣ ሄደች።

እማማ ባየሽ ጨርቁን ይዘው ቆዩ። ወዝቷል። ጣታቸውን ከጣታቸው ጋር አሻሹ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። እኔ ከቆምኩበት ሆኜ እንኳ ሸተተኝ፤ የአገር ቤት ለጋ ቅቤ። በረዶው ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ ቆቡ ሥር እንደ ድንጋይ ረግቶ የዋለው ቅቤ እዚህ ሙቀት ውስጥ ቀልጦ ከእርግብግቢቱ በግንባሩ በኩል ዓይኑ ውስጥ ገብቷል።

ትሕትና ጨርቁንም እናቷንም አየች። አስካለማርያም ሁለተኛውን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች፤ ፊቷ አሁንም ወደ ጎን ነው።

«ክፍሉ ሞቆ ነው» አለች። «ሂተሩን እናጥፋው።»

ከዚህ ሌላ አላለችም። እማማ ባየሽ የቀረውን ቅቤ እራሳቸው ከልጁ አናት ጠርገው አወጡት። ጠርገው ሲጨርሱ ልጁን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«እዪው» አሉ።

አስካለማርያም አልተቀበለችም። «እትፍ ብዬ ነው ሳልል?»

«ሳትይ» አሉ እማማ ባየሽ።

ተቀበለችው። ደረቷ ላይ አቁማው ክፍሉን ዞረች፤ ሳጉ እስኪለቀው፣ ዓይኑ እስኪነጻ ታገሰች። ናሆም ደወለ፤ ትሕትና «አትደውል፣ እኔ እደውላለሁ» አለችው። ሶሊያና በእንባ የረጠበውን ጨርቅ ቀይራ መሰላሏ ላይ ወጣች። እኔ መጋረጃዬን ያዝኩ። ልጁ ተጋደመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን እንደሚጠባ ሰው አንቀሳቀሰ። ሊተኛ ነው። አሁን ከተኛ አለቀ።

«ጋሽ አክሊሉ» አለች አስካለማርያም፤ ስሜን ማወቋ ገረመኝ። «መጋረጃውን ዝጋው፤ 'አሁን' ስልህ ቀስ አድርገህ ክፈት። በጣም ቀስ።»

ዘጋሁት። ጨለምለም አለ። ጎንበስ ብላ በጉሮሮዋ ያንን ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ዘፈን አይደለም፣ ቃልም የለውም፤ ውሃ ጋን ውስጥ ሲሞላ የሚያሰማውን ይመስላል። እማማ ባየሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። የልጁ ቅንድብ ተነሳ። ከዚያ የዓይኑ ቆብ።

«አሁን» አለች።

መጋረጃውን በጣቴ ልክ፣ እንደገና በጣቴ ልክ ሳብኩት። ክንዴ ዛለ። ብርሃኑ በነጩ ጨርቅ ላይ እየወጣ የልጁ ጉንጭ ላይ ደረሰ። ልጁ ዓይኑን አልጨፈነም። አፉ ገጠመ። ሁለቱም እጆቹ ከጎኑ ወደቁ። አስካለማርያምን አያት፤ አየችው። ካሜራው ቀጭ አለ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እሷ ግን ካሜራው ካቆመም በኋላ ወዲያው አልተነሳችም።

ሶሊያና ፎቶውን በፓስፖርት ፎቶ መለኪያ ለክታ አተመችው። ሁላችንም መኪና ውስጥ ገባን፤ አስካለማርያምም የፊሊፕሱ የሥራ ሰዓቷ ስለደረሰ አብራን መጣች። ከኋላ ከትሕትናና ከካር ሲቱ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ልጁ ደረት ላይ አደረገች። እማማ ባየሽ ፊት፣ ከእኔ ጎን ነበሩ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ አንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ ቆመን ቀረን። ቢሮው በር ስንደርስ ናሆም ኮት ሳይለብስ ብርዱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ ካር ሲቱን ከነልጁ መንጥቆ ከትሕትና ጋር ወደ ውስጥ ሮጠ።

እኛ ሦስታችን ቀረን። መኪናውን ሞተሩን ሳላጠፋ መንገድ ዳር አቆምኩ።

«አውቶቡሴ በዚህ ያልፋል» አለች አስካለማርያም። ግን አልወረደችም።

አንድ አውቶቡስ አለፈ። እማማ ባየሽ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ሌላ አለፈ። አስካለማርያም አሁንም ተቀምጣለች። የምናገረው ነገር ፈለግሁ፤ «ዛሬ ብርዱ ትንሽ ሻል ብሏል» አልኩ።

ስልኩ ሲጮኽ እማማ ባየሽ ሊያነሱት ሞክረው ከእጃቸው ወደቀ። ከመሪው ሥር ፈልጌ አነሳሁላቸውና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ተቀበሉት!» አለች ትሕትና። «እማዬ፣ ተቀበሉት! ነገ ጠዋት ኑና ውሰዱ አሉን። ማታ እንበራለን።»

እማማ ባየሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ቆይተው ነጠላውን አወረዱና በመቀመጫቸው ዞረው ወደ ኋላ አዩ።

«ልጄ» አሉ። «ልጁን ደረቱ ላይ ሳደርግለት ያ ሰውዬ፣ ባሌ፣ 'ማን ረዳችሁ?' ማለቱ አይቀርም። አውቀዋለሁ፣ ስም ብቻ አይበቃውም። የየት አገር ሰው ናት፣ የማን ልጅ ናት ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚመርቀው። ጠዋት የጠየቅሁሽ ለሌላ ነበር። አሁን ለምርቃት ነው። አገርሽ ወዴት ነው?»

አውቶቡሱ ከኋላችን እየመጣ ነበር። አስካለማርያም የኮቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘጋች፤ ቦርሳዋን ያዘች። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን በረዶው ላይ ካሳረፈች በኋላ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ለባለቤትዎ ምሕረት ያውርድላቸው» አለች። «አገሬን ግን አልነግርዎትም፣ እማማ።»